በመካነ ኢየሱስ ውኃ የሚፈላበት ዲግሪ

ውኃ በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ የተማርሁት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ በኅብረት ሦስት ጊዜ አስደግሞን፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረበት። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ ፈተና ላይ ጥያቄው እየተመላለሰ መጥቶልኛል፤ ሁልጊዜ «መቶ» ብዬ መልሼ ሁልጊዜም ነጥቡን አግኝቻለሁ። በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ፊዚክስ ካጠናሁ በኋላ፣ ለመመረቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ ተወልጄ ባደግሁባት በመካነ ኢየሱስ ውኃ በመቶ ዲግሪ ፈልቶ እንደማያውቅ ተረዳሁ። የሚፈላው በዘጠና ሁለት ነው። ይህንን የነገረችኝ ጓደኛዬ ናት፤ የነገረችኝም ልብስ እያጠበች ነው።

ስለዚያ ዘመን ስጽፍ ናፍቆት እንደሚጫነኝ አውቃለሁ። ናፍቆት ደግሞ መጥፎ መለኪያ ነው፤ ሁሉንም ነገር ከነበረው ከፍ አድርጎ ያነብባል። ስለዚህ የማስታውሰውን በማስታውሰው መጠን ብቻ ለማስፈር እሞክራለሁ።

ፊዚክስን የመረጥሁት እኔው ነኝ። ይህ መነገር ያለበት፣ በክፍላችን ከነበርነው ሃያ ስድስት ተማሪዎች መካከል ፊዚክስን በመጀመሪያ ምርጫ የሞላነው ሁለት ብቻ ስለ ነበርን ነው። ሌሎቹ ምህንድስና ወይም ጤና ሞልተው ነጥባቸው ስላልበቃ «ፊዚክስ የደረሳቸው» ነበሩ፤ ክፉ ዕጣ እንደ ወጣበት ሰው ነበር የሚናገሩት። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ቅጼን አይታ ቁጥሮቹን ገልብጬ ጽፌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አለመገልበጤን ስነግራት፣ ራስሽ ታውቂያለሽ ብላ ማኅተሟን መታችበት።

ሁለተኛዋ ከስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። በክፍሉ ውስጥ ሴቶቹም እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወንዶቹ ስማችንን ለመያዝ አልደከሙም፤ እኔን በወረዳዬ ስም «እስቴ»፣ እርሷን «ስማዳ» አሉን፤ እኛም በዚያው ተጠራራን። መጀመሪያ የተገናኘነው ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ ነው። እኔ በአንድ አውቶቡስ ደርሼ ተቀምጫለሁ፤ እርሷ ግማሹን በጭነት መኪና ጋቢና፣ ግማሹን በሚኒባስ አቆራርጣ ስትመጣ አቧራው ቅንድቧ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ነበር። ሁለታችንም በማዳበሪያ ከረጢት በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘናል። የእናንተ መንገድ የሚሠራው መቼ ነው ብዬ ስቀልድባት፣ የስማዳ መንገድ ተሠርቶ ማለቁን፣ የቀረው መኪና እንዲሄድበት ማድረግ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። እንደዚያ ነበረች፤ ቀልዱን ፊቷን ሳትለውጥ ትናገርና፣ ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪው ያሰበውን ቅኔ ያለ ጽሑፍ በቃሉ ሲያሰማ፣ አባቷ ዐይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ፣ ስሕተት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጃቸውን ብቻ ከፍ ሲያደርጉ እያየች ነው ያደገችው። ይህንን ሥርዓት ሳትለውጥ ወደ ፊዚክስ አመጣችው። አንዳችን አንድ ቀመር ከመነሻው እስከ መድረሻው በቃል እናሰማለን፤ ሌላችን ዐይናችንን ጨፍነን እንሰማለን። ወረቀት ማየት አይፈቀድም። በወረቀት ላይ ስሕተት መደበቅ እንደሚቻል፣ በቃል ሲነገር ግን እንደ ድንጋይ ጥርስ ውስጥ እንደሚገባ የነገረችኝ እርሷ ናት። ስሳሳት እጇን ከፍ ታደርጋለች፤ የት ላይ እንደሆነ አትነግረኝም፤ ራሴ ወደ ኋላ ተመልሼ እስካገኘው ትጠብቃለች።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የጃካራንዳ ዛፎች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ቁጭ ብለን ስንሰማማ፣ ሐምራዊው አበባ ደብተሮቻችን ላይ እየረገፈ ቅጠሉን ያቀልመው ነበር። ወንዶቹ በአጠገባችን ሲያልፉ «ሰዓታት ቆመዋል» እያሉ ያሾፉብን ነበር። አንድ ጊዜ ስማዳ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ ለእናንተም ፍትሐቱን እናደርስላችኋለን፣ ውጤት ይለጠፍ ብቻ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጉባኤዎችና በብዙ አገሮች ስለ ፊዚክስ ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ በትኩረት የሰማኝ ሰው ግን የለም። ይህንን የምለው ናፍቆት ስለ ያዘኝ ብቻ አይደለም። ሲሰሙኝ የነበሩትን ሰዎች ዐይን አይቻለሁ፤ ተራቸው እስኪደርስ ይጠብቁ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የሙቀት ኃይል ትምህርት ወሰድን። ከባሕር ወለል ከፍ ሲባል የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ግፊቱ ሲቀንስም ውኃ ከመቶ ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ተማርን፤ ቀመሩንም በቃል አሰማን። ፈተናው ላይ በአንድ የሩቅ አገር ተራራ ጫፍ ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አስሉ የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስት አኃዝ ድረስ አስልቼ ሙሉ ውጤት አገኘሁ። እርሷም አገኘች። ከመምህሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ተማሪ ድረስ ሁላችንም በደጋ ተወልደን በደጋ ያደግን ነበርን። ከመካከላችን ስለ እናቱ ቤት ድስት የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ይህ ስሕተት እንግዳ መልክ ነበረው፤ ስለዚህ የቤተ ሙከራውን ባለሙያ ጉዳይ መናገር አለብኝ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ፤ «ጋሼ» እንላቸው ነበር። በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ውኃ አፍልተው ቴርሞሜትሮቹን አንድ በአንድ ይፈትኑ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማም ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ሁሉም ዘጠና አራት ላይ ይቆማሉ። እርሳቸውም ሁሉንም «ብልሽት» ብለው በጻፉበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይከቷቸዋል። መቶ የሚያነብ ጤነኛ ቴርሞሜትር እስኪላክላቸው በየዓመቱ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ምን ሆነው ነው የተበላሹት ብለን ስንጠይቃቸው፣ ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ደክሟቸው ነው ይሉን ነበር፤ እንደ ቀልድ ይናገሩት እንጂ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበራቸውም። እኛም የለም ብለን አልተከራከርናቸውም።

አራተኛ ዓመት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ይሠራል። እኔ የመረጥሁት በቆርቆሮ ክዳንና በሣር ክዳን ሥር ያለውን የአየር ሙቀት ማወዳደር ነበር። የእናቴ ቤት ለዚህ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ዋናው ቤት ቆርቆሮ፣ ከጀርባ ያለው ማድ ቤት ደግሞ ሣር ክዳን ነው። ጋሼ ከሣጥናቸው ውስጥ የቁጥር ምልክታቸው በጊዜ ብዛት የለቀቀ ሁለት ቴርሞሜትሮች ሰጡኝ። ምልክቱን ራሴ መሥራት ነበረብኝ፤ አሠራሩም በመጽሐፍ የታወቀ ነው። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትቶ ፈሳሹ የቆመበትን ዜሮ ማለት፣ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ከትቶ የቆመበትን መቶ ማለት፣ በመካከል ያለውን ርቀት መቶ ቦታ እኩል መክፈል።

በሴሚስተሩ ዕረፍት መካነ ኢየሱስ ሄድሁ። በረዶውን ለስላሳ ከሚሸጥ ሱቅ ማቀዝቀዣ አመጣሁ፤ ውኃውን በእናቴ ድስት አፈላሁ። ፈሳሹ ወጥቶ ሲቆም በጥቁር ክር አሰርሁና በጎኑ ባጣበቅሁት የሚሊሜትር ወረቀት ላይ 100 ብዬ ጻፍሁ። በሕይወቴ በራሴ እጅ የሠራሁት የመጀመሪያው መሣሪያ እርሱ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እናቴ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ነገሩን ከማንም በላይ በቶሎ የተረዳችው እርሷ ናት፤ በየሰዓቱ ማንበብ፣ በየሰዓቱ መጻፍ፣ መዝለል የለም፣ መደለዝ የለም። ገበያ በወጣሁባቸው ቀናት እርሷ ታነብልኝ ነበር፤ አኃዞቿን እንደ ወጪ ደብዳቤ ቁጥር አስተካክላ፣ በቀይና በሰማያዊ ለይታ ትጽፋቸው ነበር። በማድ ቤቱ ደፍ ላይ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰዓቱ እስኪደርስ የጠበቅንባቸው ቀትሮች አሁን ሳስባቸው ከዚያ ጥናት የቀሩልኝ ብቸኛ ትክክለኛ ነገሮች ናቸው። ሣሩ ሽታ ነበረው። ቆርቆሮው ፀሐይ ስትጠነክርበት ይንቋቋ ነበር። እናቴ ደመና መጥቶ ሲያልፍ «ጻፊው፣ ደመና ነበር በይ» ትለኝ ነበር።

አንድ ማለዳ መሣሪያውን ለመፈተን በብብቴ ይዤው ተቀመጥሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል አነበበ። የሰው ገላ ወደ ሠላሳ ሰባት ገደማ መሆኑን አውቃለሁ። ይህ ሲሆን አንድ ተማሪ ሊጠረጥረው የሚገባው መሣሪያውን ነው። እኔ የጠረጠርሁት ገላዬን ነው። እናቴን ጠርቼ ትኩሳት እንዳለብኝ ነገርኋት። እጇን ግንባሬ ላይ አሳርፋ ቆየችና፣ ምንም የለብሽም፣ እንዲያውም ቀዝቃዛ ነሽ አለችኝ። መሣሪያው ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ማለቱን ነገርኋት። እናቴ የተጻፈ ቁጥር የምታከብር ሰው ናት፤ እጇን ከግንባሬ ላይ አንሥታ ፌጦ ልትወቅጥልኝ ገባች። ቀኑን ሙሉ ጋቢ ተደርቦብኝ ተኛሁ። ደብተሬ ላይም «የመሣሪያ ፍተሻ፣ ብብት፣ 39.5፤ ትኩሳት ሊሆን ይችላል» ብዬ አሰፈርሁ።

ከዕረፍት ተመልሼ ጥናቱን ጻፍሁ። ቀትር ላይ ከቆርቆሮው ሥር ኃምሳ አራት፣ ከሣሩ ሥር ሃያ ስድስት የሚል ሠንጠረዥ ነበረው። አማካሪዬ ወደዱት። በጥቁር ሽፋን ተጠርዞ ለትምህርት ክፍሉ ገባ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ክፍሉ ከተመራቂዎቹ አንድ ሰው በረዳት መምህርነት እንደሚያስቀር ተነገረ። የሚቀረው በአጠቃላይ ውጤት አንደኛ የወጣው ነው። እኔና ስማዳ እኩል ልንሆን ጥቂት ቀርቶን ነበር፤ በመቶኛ ነጥብ ቤት እበልጣታለሁ። የመመረቂያው ጥናት ውጤት ይወስነዋል ማለት ነው። ለእኔ ይህ ቦታ ሥራ ብቻ አልነበረም። ፊዚክስን ይዞ መቀጠል ወይም በአምስተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ መቶ ብሎ ጽፎ ሁለት መስመር ማስመር፣ ምርጫው ይኸው ነበር። ለእርሷም እንደዚያው ነበር፤ ይህንን ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

ጥናቴን በፈታኞች ፊት ለማቅረብ አራት ቀን ሲቀረኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ባለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ዳር ነበርን። እንድትሰማኝ ጠይቄአት ነበር። አንቺ አንብቢ፣ እኔ የሁለታችንንም አጥባለሁ አለችኝ። እኔ በደረቁ የገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ከመጀመሪያው አነብባለሁ፤ እርሷ ክንዷ ድረስ አረፋ ውስጥ ገብታ ትሰማለች። ብብቱ ጋ ስደርስ እጇን ከፍ አደረገች።

«ታመሽ ነበር እንዴ?»

አልታመምሁም፣ ግን መሣሪያው እንደዚያ ብሎ ነበር አልኋት። እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ቀዝቃዛ ነሽ እንዳለችኝ ነገርኋት። በገንዳው ጠርዝ ላይ ተደግፋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«አንቺ እስቴ፣ በመጽሐፍ ታመሻል እኮ።»

ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። እጆቿ አረፋው ውስጥ እንዳሉ ቆሙ። መቶውን የት ላይ ምልክት እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ፤ ከፈላው ውኃ ላይ አልኋት። ውኃው የት እንደፈላ ጠየቀችኝ፤ ቤት አልኋት። እንደ አባቷ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ ስሕተቱን ራሴ እንዳገኘው ጊዜ መስጠቷ ነበር። የመካነ ኢየሱስን ከፍታ አውቀዋለሁ፤ ቀመሩንም አውቀዋለሁ። የሩቁን ተራራ ለማስላት ግማሽ ሰዓት የፈጀብኝን ሒሳብ ለገዛ ከተማዬ በጥቂት ትንፋሽ ጨረስሁት። ዘጠና ሁለት። መቶ ብዬ የጻፍሁት ዘጠና ሁለት ነበር። የገላዬም ሙቀት ጤነኛ ነበር። ደብተሬ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ በመቶ ስምንት እጅ ሐሰት ነው፤ እናቴ በቀይና በሰማያዊ የጻፈችው ሳይቀር።

ስማዳ ነገሩን አቅልላ አየችው። ድምዳሜው እንደማይፈርስ፣ ሣሩ አሁንም ከቆርቆሮው እንደሚቀዘቅዝ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ ዝቅ አድርጎ እንደገና መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ እንደሆነ፣ ለአማካሪዬ ዛሬውኑ ብነግራቸው እንደሚበጅ ነገረችኝ። ልክ ነበረች። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። የተጠረዘ ጥናት ከትምህርት ክፍሉ ሲወጣ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ተስተካክሎ የቀረበ» ተብሎ ሲጻፍበት፣ ውጤቱ ሲቀንስ፣ በመቶኛ ነጥብ ቤት ያለው ብልጫ ሲገለበጥ ታየኝ። የሚገለበጠውም ለእርሷ ነበር።

«ቦታውን ፈልገሽ ነው» አልኋት።

በእጇ የነበረውን ልብስ በንጹሕ ውኃ አለቀለቀች፣ ጨመቀች፣ አራግፋ ገመዱ ላይ ሰጣችው፤ ጫፎቹን በጥንቃቄ አስተካከለቻቸው። የእኔ ነጠላ ነበር። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ሄደች።

ለአማካሪዬ ሰኞ ነገርኋቸው፤ ይህንን ለራሴ ጥቅም አልጠቅሰውም፣ ስለሆነ ነው። ጥናቱን ገለጥ አድርገው ጥቂት አሰቡ። ፈታኞቹ ሁሉ መቶን እንደሚያውቁ፣ ዘጠና ሁለት ብዬ ብቀርብ በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ መሣሪያዬ ተበላሽቶ እንደሆነ፣ ለዚያም መልስ ስሰጥ ጊዜዬ እንደሚያልቅ አስረዱኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሊጠብቁኝ ፈልገው ነበር። ሽፋኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ደግሞም ተጠርዟል» አሉኝ። የምፈልገው ፈቃድ ይኸው ነበር፤ አግኝቼ ወጣሁ።

ጥናቴን ያቀረብሁበት ቀን ሦስት ፈታኞች ነበሩ። አንዱ ሣር ክዳን ለምን እንደ መረጥሁ ጠየቁኝ፤ ሌላው የፊደል ግድፈቶች ቆጠሩልኝ፤ ሦስተኛው ለወደፊቱ ምን እንዳሰብሁ ጠየቁኝ። በዘጠነኛው ገጽ ላይ «ቴርሞሜትሩ በሚቀልጥ በረዶና በሚፈላ ውኃ ተስተካክሏል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ማንም አልደረሰበትም። በመጨረሻ ሰብሳቢው እንደ ልማዱ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው ጥያቄ ያለው ካለ አሉ።

ስማዳ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ጥናቱን ሳቀርብ ዐይኗን ጨፍና ስትሰማኝ አይቻታለሁ። አሁን ዐይኗን ገለጠች፤ እጇ ግን አልተነሣም። ብትናገር ያልኋትን ቃል እውነት ታደርገዋለች፤ ቦታውን የፈለገች ትሆናለች። ያልኋት ቃል እጇን አስሮት ነበር። ገንዳው ዳር ስናገረው ይህንን አስቤበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ራሴን በደንብ ስለማውቀው፣ አላሰብሁበትም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ቦታውን አገኘሁ። እርሷ በወገዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ሆና ተመደበች። በምረቃው ዕለት በክፍሉ ፎቶግራፍ ላይ በሁለት ጫፍ ቆመናል፤ በመካከላችን ሃያ አራት ወንዶች አሉ። ወደ አገራችን ስንመለስም በተለያየ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ሁለተኛ ዲግሪዬንና ዶክትሬቴን ሠራሁ። እዚያው ትምህርት ክፍል አስተምራለሁ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። በየዓመቱ የሙቀት ኃይልን ትምህርት የምጀምረው በተማሪዎቼ ፊት ውኃ በማፍላት ነው። ቴርሞሜትሩ ዘጠና አራት ላይ ሲቆም ግራ ይጋባሉ፤ መሣሪያው ተበላሽቷል የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል፤ እኔም ያልተበላሸ መሆኑን አሳያቸዋለሁ። በትምህርት ክፍሉ ውስጥ በዚህ ትምህርት ተመስግኛለሁ። ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘሁት ተናግሬ አላውቅም። በየጽሑፌ ግርጌ ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ምንጭ የምጠቅስ ሰው ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ማድ ቤቱን አፈረሰችው። የክዳን ሣር የሚያመጣ፣ ቢያመጣም የሚከድን ሰው ጠፋ አለችኝ። በቦታው ብሎኬት ተገነባ፤ ቆርቆሮ ተመታበት። ዘንድሮ ለማየት ሄጄ ደፉ የነበረበት ቦታ ቆምሁ። ቀትር ነበር፤ ወለሉም ሲሚንቶ ሆኗል። ከዚያ ቀደም ያልታሰበኝ አንድ ነገር ታሰበኝ። የዚያ ማድ ቤት አየር፣ እኔና እናቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን በየሰዓቱ ያነበብነው፣ በዓለም ላይ ተመዝግቦ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። እዚያም የሚገኘው በስሕተት ነው። ሃያ ስድስት ይላል። ሃያ ስድስት ሆኖ አያውቅም፤ ሃያ አራት ነበር። ሁለት ዲግሪ ለማንም ምንም አይደለም። እኔን ግን ከዚያ ደፍ ላይ የሆነ ሰው አንሥቶ ሌላ ቤት ደጃፍ ላይ ያስቀመጠኝ መሰለኝ።

ወደ ሥራዬ ስመለስ አንድ ገጽ እርማት ጻፍሁ። መቶ የተባለው ዘጠና ሁለት መሆኑን፣ ሠንጠረዦቹ በዚያው መጠን ዝቅ እንደሚሉ፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ ያገኘችውም የክፍል ጓደኛዬ እንደሆነች አስፍሬ ፈረምሁበት። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለተጠረዘ ጥናት እርማት የሚቀበልበት ቅጽ እንደሌለው ነገረኝ። በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ገጽ መካከል ራሴ አስገባሁት። ከዚያ የስማዳን ስልክ ቁጥር ከአንድ የክፍላችን ልጅ ተቀብዬ የእርማቱን ፎቶግራፍ ላክሁላት። ከፎቶግራፉ ጋር ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ገጹ ሁሉን ይናገራል ብዬ ነበር።

በዚህ ወቅት ስማዳ ውስጥ ኔትወርክ አንድ ሰሞን ይኖራል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። መልሷ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ።

«አነበብሁት። ሒሳቡ ልክ ነው። ስሕተቱ ግን ሁለት ነበር።»

ሁለተኛውን ስሕተት ሁለት ቀን ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። በረዶው በደንብ መቅለጥ ጀምሮ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርሁ። የክሩን ውፍረት አሰብሁ። የሚሊሜትሩ ወረቀት በእንፋሎቱ ረጥቦ ተሳስቦ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰላሁ። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች እንደገና ደመርሁ። በሁለተኛው ቀን፣ በክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፍሁ ሳለ፣ ጠመኔውን እንደያዝሁ ቆምሁ። ወደ ኋላ ተመልሼ ራሴ እንዳገኘው ስትጠብቀኝ ነበር። ተማሪዎቹ ጥያቄ የጠየቅኋቸው መስሏቸው ዝም አሉ። ክፍለ ጊዜው ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ለቀቅኋቸው።

ቢሮዬ ገብቼ ጻፍሁ። ጥናት ስጽፍ እንደማደርገው ብዙ ረቂቅ አወጣሁ፤ መጀመሪያዎቹ ረዣዥም ነበሩ፤ ሁኔታዎችን ያብራሩ ነበር። ሁሉንም ሰረዝሁ። የላክሁት ይህንን ነው፦ «ቦታውን ፈልገሽ አልነበረም። የፈለግሁት እኔ ነበርሁ። ይህንንም ያን ጊዜ አውቀው ነበር።»

መልእክቱ አልደረሰም የሚለው ምልክት ዘጠኝ ቀን ቆየ። ከዚያ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ። መልእክቷ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል የለበትም። አባቷ ማየት እየተሳናቸው መሆኑን፣ አሁንም ግን ተማሪ እንደማይመልሱ፣ እርሷም ሁለት ሴት ልጆች እንዳሏት ጽፋለች። መጨረሻው ላይ «ለፋሲካ እዚሁ ወገዳ ነኝ። መንገድ ካለ ነይ፣ እስቴ» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ደውዬ ወደ ወገዳ የሚወጣ መኪና እንዳለ ጠየቅሁ፤ ለጊዜው የለም አሉኝ። ትናንትም ደወልሁ።